ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ ማንበብ

ልጃቸው የዛሬውን ፈተና «አታልፍም» ማለቱን እማማ ሚዛን ይቅር ይሉት ነበር፤ በሹክሹክታ ማለቱን ግን ሊውጡት አልቻሉም። ሰው የሚንሾካሾከው በሽተኛ አጠገብ ነው፣ ወይም ሬሳ አጠገብ። እሳቸው ደግሞ ገና ሳይነጋ ተነስተው፣ ተጣጥበው፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የልጃቸውና የሚስቱ፣ ሌላው ቀን ሳሎን፣ ማታ የእሳቸው መኝታ። በመሀል ያለው ነገር ግድግዳ ተብሎ ይጠራ እንጂ ከወዲያ ብርቱካን ሲላጥ ከወዲህ ይሸታል። «ቅር እንዳይላት ብዬ ዝም አልኩ እንጂ አታልፍም» አለ ልጃቸው። «በምኗ ታልፋለች? አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የማታውቅ ሰው።» ምራታቸው ምን እንደመለሰች አልተሰማም። የእሷ ነገር ሁልጊዜም እንዲያ ነው፤ የዓመት ንግግሯ ተሰብስቦ አንድ መሀረብ አይሞላም።

ልጁ አስተማሪ ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል የወንዝና የተራራ ስም ያስተምራል። ሰነፍ ተማሪ ሲገጥመው ቤቱ ድረስ ሄዶ ወላጅ ያነጋግራል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቁጭ አድርጎ ያስጠናል፤ የሰፈሩ እናቶች መንገድ ላይ ሲያገኙት እጁን ይዘው አይለቁትም። በገዛ ቤቱ፣ ከግድግዳው ወዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ የምትማር አንዲት ተማሪ እያለች ግን «እስቲ ደብተርሽን ልየው» ብሎ አያውቅም። እማማ ሚዛን ይህን እያሰቡ ክሩን ጠበቅ አድርገው ሲስቡት ተበጠሰባቸው።

«ሰምቼሃለሁ» አሉ ወደ ግድግዳው።

ከወዲያ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ። ቆየት ብሎ፣ «እማዬ፣ ተነሳሽ እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«እኔ ካንተ በፊት ያልተነሳሁበት ቀን የለም። ከተወለድክ ጀምሮ።»

እማማ ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሕፃናት ማቆያው ሠራተኞች ናቸው። ሕፃን ሲያቅፉ ክብደቱን በክንዳቸው ያውቁታል። «ይኼ ልጅ ከሰኞ ወዲህ ቀንሷል፣ እናቱን ጠይቋት» ይላሉ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ እውነትም ቀንሶ ይገኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ አሥራ ስምንት ትንንሽ አልጋ፣ ሁለት ሰፋፊ መስኮት፣ ወተትና ሳሙና የሚሸት ረጅም ክፍል። ከዘጠኝ ወር በፊት ገደማ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ መጣች። ነጭ ጫማ፣ ቀጭን ድምፅ፣ ወፍራም ፋይል። በመጣች በሳምንቱ ሠራተኛውን ሰበሰበችና የኮሌጅ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ሕፃን አይነካም፣ ዘጠኝ ወር ሰጥቻችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀት የሌለው ልብስ ማጠቢያ ይወርዳል አለች። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፣ የሕፃን ድምፅም አይደርስበትም። «ይህ ማንንም ለይቶ አይመለከትም» ስትል ሁሉም ዞሮ እማማ ሚዛንን አየ። ወረቀት ያላቸው ሁለት ወጣት ልጆች ነበሩ፤ ያንለት ቀና ቀና አሉ። ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ ፊቱ ሲጠቁርባቸው ግን «እማማ ሚዛን፣ እስቲ አንዴ ይምጡልን» የሚሉት እነዚያው ናቸው። «ወረቀቱን አሳዩታ፣ ዝም ይል እንደሆነ» ይሏቸዋል። ይሏቸዋል እንጂ ይሄዳሉ፤ ሕፃኑ ምን በደለ።

ዘጠኙ ወር የሚያልቀው በመጪው ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወይ ላይ፣ ወይ ምድር ቤት። የዛሬው ቅዳሜ ፈተና ታልፎ ካልተገኘ የሚቀጥለው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ኮሌጁ ለሰፈር ሰው ተብሎ የተከፈተ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ነው። የሕፃናት እንክብካቤ ትምህርቱን በርቀት የሚሰጠው ሠርቶ አዳሪው ሥራውን ሳይተው እንዲማር ነው ይላሉ። ማስታወቂያው ላይ «ማንበብና መጻፍ የሚችል» የሚል እንጂ «ትምህርት ቤት የገባ» የሚል አልነበረም፤ እማማ ሚዛን ደግሞ ይችላሉ። የሕፃናቱ ክፍል አጠገብ የትልልቆቹ ልጆች ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ የፊደል ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ አስተማሪዋ በዘንግ ትነካለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። እማማ ሚዛን እምቢ ያለ ሕፃን ትከሻቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ይቆሙና እሹሩሩውን ትተው ከልጆቹ ጋር ፊደሉን ያዜሙለት ነበር። ሕፃኑ እሹሩሩ ነው ብሎ ይተኛል፣ እሳቸው ደግሞ አንድ ቤት ፊደል ይዘው ይመለሳሉ። በአርባ አምስት ዓመታቸው ጀምረው በአርባ ሰባት ጨረሱ። ስለዚህ ፊደል እሳቸው ዘንድ ብቻውን አልገባም፤ ከድምፅና ከውዝዋዜ ጋር ነው የገባው። ሲያነቡ ድምፃቸው ቤቱን ይሞላል፣ ወገባቸው እንደ ሞግዚት ግራና ቀኝ ይሄዳል። በዚህ ውስጥ ነውር ያለበት ነገር አይተው አያውቁም። እንዲያውም አውቶቡስ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ዝም ብሎ የሚያፈጥ ሰው ሲያዩ አነባለሁ ብሎ የሚያታልል ይመስላቸዋል።

«የርቀት ትምህርት» ይሉታል እንጂ ርቀቱ ከአልጋቸው እስከ ጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ነው። ኮምፒውተሩን ያመጣችው ምራታቸው ናት። የምትሠራው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ከሱቁ የተጣለ፣ የቁልፎቹ ፊደል በሌላ ሰው ጣት ተበልቶ ያለቀ አሮጌ ላፕቶፕ አስጠግና ይዛ መጣች። በየምሽቱ ትከፍተዋለች፣ የዕለቱን ትምህርት ታወጣላቸዋለች፣ ምንም ሳትል ወደ ክፍሏ ትገባለች። እማማ ሚዛን መነጽራቸውን አድርገው ይጀምራሉ። «ሕፃኑን ስናጥብ በአንድ እጅ የአንገቱን ጀርባ እንደግፋለን።» «ሕፃኑ ጥርስ ሲያወጣ የሚታዩ ምልክቶች።» አንዳንዱን እያነበቡ ይስቁበታል፤ ሃያ ዓመት ሲሠሩት የኖሩትን ነገር ሰው እንደ ግኝት ጽፎታል። አንዱ ግን አላሳቃቸውም። ሕፃን ሲተኛ በጀርባው ነው፣ በሆዱም በጎኑም ማስተኛት አደገኛ ነው የሚለው። እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት በጎን ነው ያስተኙት። ተናደዱ፣ ደብተሩን ዘጉ፣ ሦስት ቀን ኮሌጁን አኮረፉት። በአራተኛው ቀን ግን አሥራ ስምንቱንም አንድ በአንድ በጀርባቸው ገልብጠው አስተኙ፤ ወጣቶቹንም «በጀርባ ነው የሚተኛው፣ አልተማራችሁም እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

ፈተናው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ተኩል ሲሆን ምራታቸው ጠረጴዛውን ጠርጋ ኮምፒውተሩን አስተካከለች፣ የመልካም ምኞት ቃል የመሰለ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው፤ «እንግዲህ ብቻዎን ነዎት፣ እማማ» ብላ ወጣች። ልጃቸው ከኋላዋ በሩን ገጠም አደረገው። ቤቱ ውስጥ ማንም እንዳይናገር፣ ውሃ እንዳይከፈት ተባብለዋል። እማማ ሚዛን ፀጉራቸውን በመሐረብ አስረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ አሉ።

የመጣው እንግዳ ድምፅ ብቻ ነበር። የወጣት ወንድ ድምፅ። «እናቴ፣ እንደምን አደሩ? የዛሬ ፈታኝዎ ነኝ። እኔ አይዎታለሁ፣ እርስዎ ግን አያዩኝም።»

«ይኼማ የታወቀ ነው» አሉ እማማ ሚዛን።

ክፍሉን ዙሪያውን ያሳዩኝ አለ። ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አንስተው ዞሩለት፤ መስኮቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የብረት ድስቶቹን። ከአልጋው ስር ያሳዩኝ አለ። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከአልጋቸው ስር ሰው ተፈለገ። ጎንበስ ብለው አሳዩት፤ ሻንጣና አንድ የክረምት ጫማ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰው ማነው አለ። «ባለቤቴ ነው። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።» ምስሉ መነሳት አለበት አለ፤ ፊት ያለበት ነገር ክፍሉ ውስጥ አይፈቀድም። «ይኼ ሰውዬ በሕይወት እያለም አንድ መልስ ነግሮኝ አያውቅም» አሉ፤ ነገር ግን አውርደው ፊቱን ወደ ትራሱ አዙረው አስተኙት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እጅ መታጠብ ነበር፤ እንደ ሰላምታ አለፉት። ሁለተኛውን ጀመሩ። «የስድስት ወር ሕፃን ምግብ አንቆት መተንፈስና ማልቀስ ቢያቅተው በመጀመሪያ የሚደረገው…» ወገባቸው መወዛወዝ ጀመረ፣ ግራ ክንዳቸው ሳያዙት ተዘረጋ፣ የሌለውን ሕፃን በሆዱ አስተኝተው ጭንቅላቱን ዝቅ አደረጉ፣ በቀኝ መዳፋቸው ትከሻና ትከሻው መሀል አምስት ጊዜ መቱ። ከዚያ ከምርጫዎቹ መልሱን ፈልገው ተጫኑ።

«እናቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?»

«ከማንም። እያነበብኩ ነው።»

«ጥያቄውን ጮክ ብሎ ማንበብ አይፈቀድም። ከበር ውጭ ያለ ሰው ሰምቶ መልሱን ሊነግርዎት ይችላል። ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሦስተኛው ፈተናው ይዘጋል።»

«ከበር ውጭ ያሉት ልጄና ሚስቱ ናቸው። እነሱ ስለ ሕፃን ምን ያውቃሉ?» አሉ እማማ ሚዛን። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ስኒ ይሆናል።

መመሪያው ላይ «መነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን እሳቸውም አንብበውታል፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብለው። መነጋገር ማለት ግን ሁለት ሰው ሲሆን አይደለም እንዴ? አፋቸውን ገጠሙና ሦስተኛውን አዩ። ፊደሎቹን ሁሉ ያውቋቸዋል፣ እያንዳንዱን በመልኩ ይለዩታል፤ ነገር ግን ተሰብስበው ቃል አልሆን አሉ። ጥላ ስር እንደተቀመጡ ልጆች ናቸው፤ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ በስም ካልጠሯቸው ግን ተነስተው አይመጡም። ከንፈራቸውን ነክሰው ሞከሩ። ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አጣብቀው ሞከሩ። ወገባቸውን ብቻ እያወዛወዙ፣ በጉሮሯቸው ውስጥ እንደ ዝንብ የሚል ድምፅ ብቻ አስቀርተው አንዱን ጥያቄ በሰባት ደቂቃ ጨረሱ፣ ሌላውን በስድስት። ላባቸው በመሐረቡ ስር ወረደ። ሠላሳ ጥያቄ ነው ያለው፣ የተሰጠው አንድ ሰዓት ነው። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ያመለጠው ድምፅ እንዳይሰማ ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑት፣ ከመዳፋቸው ስር በፍጥነት አነበቡና ሰባተኛውንም በዚያው ጨረሱ።

«እናቴ፣ አፍዎን አይሸፍኑ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው።»

«ብገልጠው ጥፋት፣ ብሸፍነው ጥፋት። አውልቄ ላስቀምጠው?»

እጃቸውን አወረዱና ስምንተኛውን ተያያዙት። መጀመሪያ «ሕፃን» የሚለውን ለዩ፤ እሱን ያውቁታል፣ የትም ቢያዩት ያውቁታል። ቀጥሎ «ሲተኛ» የሚለው ቀስ ብሎ መጣ። ከዚያ «በሆዱ»፣ ከዚያ «በጎኑ»፣ ከዚያ ያ ሦስት ቀን ያስኮረፋቸው ቃል። ጥያቄው ምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ በራላቸው። ጠላት ሆኖ መጥቶ ቤተኛ የሆነ ሰው ገበያ መሀል እንዳገኙ ሁሉ፣ ደስታው ራሱ አፋቸውን ከፈተው። «በጀርባው» አሉ፤ በሙሉ ድምፅ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ስክሪኑ ነጣ። «ፈተናዎ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ይህንንም ጮክ ብለው አነበቡት፤ አሁንማ ማን ይከለክላቸዋል።

ልጃቸው በሩን ሲከፍተው ገና ቁጭ እንዳሉ ናቸው። ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ትከሻቸው ላይ እጁን አደረገ። እጁ ለስላሳ ነበር፣ እሱ ነው ያናደዳቸው። «ምንም አይደለም፣ እማዬ። በዚህ ዕድሜሽ እዚህ መድረስሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰኞ ሥራ አስኪያጇን እኔ ሄጄ አነጋግራታለሁ።»

«ምን ብለህ? እናቴ መሃይም ናት፣ እዘኑላት ብለህ?»

«እንደሱ አልወጣኝም።»

«እጅህ ብሎታል።»

እጁን አነሳ። መሬት መሬት እያየ፣ «ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ ማንበብ ልምምድ ነው፣ የአራተኛ ክፍል ልጆች በሁለት ሳምንት ይለምዱታል» አለ። «እንደዚያ ነው የማነበው ብትዪኝ አሳይሽ ነበር።»

«ስምንት ወር ሙሉ ስጮህ የት ነበርክ? ጆሮህን ትምህርት ቤት ትተኸው ነው የምትመጣው?»

በሩ ላይ ምራታቸው ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች ማንም አላየም። «እኔ ሰምቻለሁ» አለች። ሁለቱም ዞረው አዩዋት፤ ዕቃ የተናገረ ያህል ነው። «ሕፃን ሲታጠብ የአንገቱ ጀርባ ይደገፋል። ሲያተኩሰው ልብሱ ይቀነሳል። ሲተኛ በጀርባው ነው። የነገረኝ ሰው የለም፣ በግድግዳው ነው የሰማሁት። በየማታው።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ብትጠይቁኝ ሠላሳውንም እመልሳለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዝምታ የዛሬ አልነበረም። ልጃቸውና ምራታቸው ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሕፃን የለም፣ ስለ ሕፃንም አይወራም። ሐኪም ቤት የተሄደበት ጊዜ ነበር፣ ከዚያ መሄዱም ቀረ፣ ወሬውም አብሮ ቀረ። እማማ ሚዛን በዚህ ቤት አንድ ቀን «ምነው ዘገያችሁ» ብለው አያውቁም፤ በዚህም ራሳቸውን ደግ ሰው አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። አሁን ያ ሁሉ ማታ ታያቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ እየተወዛወዙ፣ በሙሉ ድምፃቸው የሕፃን ገላ ሲያጥቡ፣ የሕፃን ጥርስ ሲቆጥሩ፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እሷ ጀርባዋን አስደግፋ። «እነሱ ስለ ሕፃን ምን ያውቃሉ» ያሉት ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ተነስተው የተበጠሰውን የጫማ ክር ቀጥለው አሰሩ።

«ኮሌጁ ቅዳሜ እስከ ስንት ነው የሚሠራው?»

«እስከ ስምንት ሰዓት» አለች ምራታቸው። ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ቦርሳዋን ይዛለች። ልጃቸው እኔም ልምጣ አለ። «አንተ አባትህን ስቀልልኝ» አሉት። ሲወጡ ምስሉን በሁለት እጁ ይዞ ሚስማሩን እየፈለገ ነበር።

የቅዳሜ አውቶቡስ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ሰው ለእማማ ሚዛን ተነሳላቸው፣ ምራታቸው ብረቱን ይዛ አጠገባቸው ቆመች። የፋብሪካውን አጥር አለፉ፣ የቆርቆሮ ሱቆቹን አለፉ። እማማ ሚዛን በመስኮቱ እያዩ ሦስት ፌርማታ ዝም አሉ፤ ይህ ለእሳቸው እንደ ጾም ነው። ጣታቸው የቦርሳቸውን ማንገቻ ይጠመዝዛል። ይቅርታ የሚባለውን ነገር ከየት እንደሚጀምሩት አላወቁም፤ ለሕፃን ይቅርታ አይጠየቅም፣ ለአዋቂ ደግሞ አልለመዱትም።

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ አትዪኝም ነበር?» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ብልዎት ያቆሙ ነበር።»

«አቆም ነበር።»

«እንዲያቆሙ አልፈለግሁም» አለች ምራታቸው። አውቶቡሱ ሲያንገጫግጭ ትከሻቸውን ያዘች፤ መንገዱ ሲስተካከልም እጇን አላነሳችም። እማማ ሚዛን ቦርሳቸውን አንስተው ጭናቸውን ጠበብ አደረጉና «ቁጭ በይ፣ ልጄ፣ ለሁለት ይበቃናል» አሉ። አልበቃቸውም፣ ግን ተቀመጠች።

የርቀት ትምህርት ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። በየፎቁ ቆም እያሉ ወጡ። በመስኮቱ የተቀመጠችው ጸሐፊ ማኅተም እያደረገች ቀና ሳትል የተማሪ ቁጥራቸውን ጠየቀች፣ ኮምፒውተሯን አየችና፣ «የርቀት ተማሪ ነዎት። የርቀት ተማሪ በአካል አይስተናገድም፣ ቅሬታ በኢንተርኔት ነው የሚቀርበው» አለች።

«እኔ እዚህ ቆሜአለሁ፣ እሺ? ታዪኛለሽ?»

«አይዎታለሁ፣ እማማ፣ ግን አሠራሩ…»

«አራት ፎቅ ወጥቻለሁ። አሁን ሩቅ አይደለሁም።»

ጸሐፊዋ ማኅተሙን አስቀመጠች። ከኋላ ሰው መኖር አለመኖሩን በዓይኗ ቃኝታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። የተቋረጠ ፈተና በዚያው ቀን፣ ቢሮ ሳይዘጋ፣ ሊከፈት ይችላል አለች፤ ግን መክፈት የሚችለው የዘጋው ፈታኝ ብቻ ነው። እሱ ካልከፈተው ከስድስት ወር በኋላ እንደ አዲስ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ከሃያ ይላል። «የቱ ነው የዘጋብኝ?» አሉ እማማ ሚዛን። ጸሐፊዋ ስም ልትፈልግ ስትል «ተይው፣ በድምፁ አውቀዋለሁ» ብለው ወደ ኮሪደሩ ገቡ፤ ምራታቸው ተከተለቻቸው።

ክፍሉ ውስጥ አምስት ወጣቶች ጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው በየኮምፒውተራቸው ፊት ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ስክሪን ላይ አራት አምስት ቤት ይታያል፤ የሰው አልጋ፣ የሰው መጋረጃ፣ ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሰው። በር ላይ ቆመው አዳመጡ። «እናቴ» የሚለው ቃል ከጥግ መጣ፤ ከሌላ ሰው እናት ጋር እየተነጋገረ ነው። ቀጭን ልጅ ነው፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል፣ አጠገቡ የተገመሰ ዳቦ አለ። እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁት። ዞሮ ሲያያቸው መጀመሪያ አላወቃቸውም፤ ቀጥሎ መሐረቡን አወቀ።

«እናቴ፣ እርስዎ እዚህ መምጣት…»

«ማነው የነገረኝ?»

«ምን?»

«ሰው እየነገራት ነው ብለህ ዘግተህብኛል። ማነው የነገረኝ? ከአልጋዬ ስር አይተሃል። ባሌን ከግድግዳ አስወርደሃል። ቀረ የምትለው ሰው ካለ ንገረኝና እኔም ልወቀው።»

ልጁ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አወረደው። ጎኑ ያሉት ወጣቶች ስክሪናቸውን እያዩ ጆሯቸውን ወደዚህ አደረጉ። «እኔ አጭበረበሩ አላልኩም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስና ድምፅ ሲሰማ ማሽኑ ቀይ ምልክት ያደርጋል፣ ሦስት ጊዜ ቀይ ከሆነ እዘጋለሁ። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ያጭበረብራል። አንዱ ጥያቄውን ያነባል፣ ሌላው ከመጋረጃ ጀርባ ይመልሳል።»

«እኛ ቤት መጋረጃ የለም፣ ግድግዳ ነው ያለው» አለች ምራታቸው። «ከግድግዳው ጀርባ የነበርኩት እኔ ነኝ። ትንፍሽ አላልኩም። ጮክ ካላሉ ማንበብ አይችሉም፤ እንደዚያ ነው የተማሩት።»

«ቤተሰብ ምስክር አይሆንም፣ እህቴ።»

«ምስክር አላመጣሁም» አሉ እማማ ሚዛን። «ራሴን ነው ያመጣሁት። ሰባቱን መልሻለሁ፤ ገልብጠህ እየው፣ አንድ የሳትኩት ካለ አሁኑኑ ደረጃውን እወርዳለሁ።» ልጁ ሳይፈልግ እጁ ወደ ቁልፎቹ ሄደ፤ ስክሪኑን አየ፣ ደግሞ እሳቸውን አየ። እማማ ሚዛን ስክሪኑን ማንበብ አልሞከሩም፤ ፊቱን ነው ያነበቡት፤ ይህን ያለ ድምፅ ይችሉበታል። «ሰኞ ጠዋት ስሜ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል» አሉ። «ወይ ከሕፃናቱ ጋር፣ ወይ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ከጨርቅ ጋር። ከስድስት ወር በኋላ ብትከፍተው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ገብቶኛል፣ እናቴ። ግን ብከፍተውም ማሽኑ ድምፅዎን እንደገና ይመዘግባል። ኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ተጠየቅ። እኔም በስልሳ ሦስት ዓመቴ እየተጠየቅሁ ነው።»

አንደኛው ወጣት ሳቁን በሳል ደበቀው። ልጁ ዳቦውን ከዚህ ወደዚያ አዛወረ፣ ሰዓቱን አየ፣ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምራታቸው ትርፍ ወንበር ከጥግ አምጥታ ከኮምፒውተሩ ፊት አደረገችላቸው፤ እማማ ሚዛን ማንም ሳይላቸው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉ።

«ስማኝ፣ ልጄ» አሉ። «ሰው ይነግራታል ብለህ ከጠረጠርክ ጥርጣሬህን ይዘህ እዚሁ ከጎኔ ቁጭ በል። እጄንም እይ፣ አፌንም እይ። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የሳትኩትን ጻፍ፣ ያወቅሁትንም ጻፍ፤ የሚጠይቅህ ሰው ከመጣ ደግሞ ጥራኝ፣ ለእሱም አነብለታለሁ። በል ወንበርህን ሳብና ክፈተው። ስምንተኛው ላይ ነው ያቆምነው።»